ያልተጠየቀው ጉረኖ

ስለ ዳራብ በእኛ ድንኳኖች መካከል የሚነገረው ታሪክ አጭር ነው፤ አጭር የሆነውም ስለ ተዛባ ነው። «ጊዜው ሳይደርስ በጎቹን ሸለተ፤ በረዶ ጨረሰበት» ተብሎ ያበቃል። ልጅ ሲቸኩል፣ ሙሽራ እርጎው ሳይረጋ ልናጥ ስትል፣ የዳራብ ስም ይነሣል፤ ይሣቅበታልም። ምሳሌው ግን ስሕተት ነው። በዚያ ጸደይ እኔ ከኋላ ከሚመጡት ድንኳኖች ጋር ነበርኩና በረዶው በጣለ ማግሥት ደረስኩ፤ ጉረኖውን በዓይኔ አይቻለሁ፤ በስፍራው ከነበሩት ሦስት ሰዎችም ነገሩን ለየብቻ ሰምቻለሁ። ሦስቱ በብዙ ነገር አይስማሙም፤ በዋናው ነገር ግን ቃላቸው አንድ ነው። ዳራብን ያጠፋው መቀሱ አይደለም።

ዳራብ የናድአሊ ልጅ ነበር። ናድአሊ ሲሞት በመቃብሩ ላይ የድንጋይ አንበሳ አልቆመለትም፤ ተራ ሰው ነበርና። ያወረሰውም መንጋ አልነበረም። ዳራብ ገና ጢም ሳያወጣ ለሌሎች ተቀጥሮ ማገድ ጀመረ። ከእኛ ዘንድ የአጋጅ ደመወዝ ግልገል ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የሰው መንጋ ጠብቆ በጸደይ ጥቂት ይሰጡታል፤ ከተሰጠውም ግማሹን ተኩላ፣ ግማሹን ሳል ይወስድበታል። ከዚህ በሚተርፈው መንጋ ማቆም በጥርስ ጉድጓድ እንደ መቆፈር ነው። ዳራብ ቆፈረው። ጢሙ መሸበት ሲጀምር የራሱ የሆነ፣ በራሱ ምልክት ጆሮው የተበሣ መንጋ ነበረው።

ጠባዩን በአንድ ነገር ማስረዳት ይቻላል፤ ጨው ካለቀበት ያለ ጨው ይበላ ነበር። መርፌ አይዋስም፤ ገመድ አይዋስም፤ ድንኳኑን ነፋስ ሲጥልበት ጎረቤት ሳይነቃ ብቻውን መልሶ ያቆማል። ይህን የምንናገረው እንደ ምስጋና ነበር። «ዳራብ የማንንም ፊት አያይም» ስንል አድንቀን ነበር የምንለው፤ ልጆቻችንም እንዲሰሙት ድምፃችንን ከፍ እናደርግ ነበር።

ሚስቱ ጎልአንዳም ከእሱ ይልቅ ጠንካራ ከሆነ ድንኳን የመጣች ናት። ወንድሟ ኬይቆባድ ብዙ መንጋና ብዙ ምላስ ያለው ሰው ነበር። ጋብቻውን በሽማግሌ ግፊት ሲፈቅድ፣ የዳራብን ድንኳን አየና፣ «ለእህቴ ጃንጥላ ገዛላት» አለ። ቃሉ በየምሽቱ እሳት ዙሪያ ሲዞር ከርሞ ለዳራብ ጆሮ ደረሰ። ጎልአንዳም በሁለት ክረምት የፍየል ጠጉር ፈትላ ድንኳኑን በእጥፍ አሰፋችው። ሁለት ልጆች ወለዱ፤ ሁለቱንም በጉዞ ላይ ቀበሩ፤ አንዱን በሜዳው፣ አንዱን በተራራው።

መንጋ የሌለው ሰው ጉዞ የለውም። በሜዳው ሙቀት ሲጀምርና ሣሩ ቢጫ ሲሆን እኛ ወደ ተራራው የምንወጣው በጎቹ ስለሚወጡ ነው። በግ ያለቀበት ሰው ነዳጅ ወደሚወጣበት ከተማ ወርዶ የቧንቧ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ በጭቃ ክፍል ይኖራል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ስሙ ከጎሳው ሰዎች አፍ ይጠፋል። የዳራብ ታናሽ ወንድም እንዲህ ሆኖ ነበር። ዳራብ አንድ ጊዜ ሊጠይቀው ሄዶ በማግሥቱ ተመለሰ። ምን አየህ ሲሉት፣ «ክፍሉ በር አለው፤ በሩ ሲዘጋ ሰማይ የለም» አለ። ከሞት ይልቅ ይፈራው የነበረው ያንን ክፍል ነው።

አሁን ስለ መሸለቱ። ወደ ተራራው ስንወጣ የካሩንን ወንዝ እንሻገራለን፤ በጸደይ ወንዙ የቀለጠ በረዶ ይዞ ሞልቶ ይወርዳል። ሴቶችና ዕቃው በተነፉ የፍየል ስልቻዎች ላይ በታሰረ ታንኳ ይሻገራሉ፤ ፍየል ይዋኛል፤ በግ ግን ሱፉ ውኃ ይጠጣና እንደ እርጥብ ምንጣፍ ይከብዳል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ዳራብ በዚህ ምክንያት ብዙ በግ አጥቶ ነበር። አንዲት እናት በግ አንገቷን ይዞ ሲጎትት ከእጁ ተስባ ስትሄድ አይቷል። ክረምቱን ሙሉ ስለዚህ አሰበ። ካሰበ በኋላም ገና በሜዳው ሳለን፣ ወንዙ ዘንድ ሳንደርስ፣ በጎቹን ሊሸልት ወሰነ።

አባቶቻችን «ሱፍ የሚወርደው ተራራው የራሱን ካወረደ በኋላ ነው» ይሉ ነበር፤ ማለትም በበጋው መሰማሪያ፣ ከተራራው መተላለፊያ ማዶ፣ ጫፎቹ ከበረዶ ሲራቆቱ ነው። ዳራብ ደንቡን ያውቅ ነበር። ስሌቱም የሞኝ ስሌት አልነበረም፤ ወንዙ በየዓመቱ በግ ይበላል፤ የዘገየ በረዶ ግን በዕድሜው ሙሉ በጣት የሚቆጠር ጊዜ ብቻ አይቷል። የታወቀውን ጠላት ለመሸሽ የተጠረጠረውን መረጠ። ከእኛም የተሻለ ምርጫ የነበረው አንድ ሰው አላውቅም።

የበግ መሸለት የጎረቤት ሥራ ነው። ባለ መንጋው አንድ ቀን አስቀድሞ ይጠራል፤ እያንዳንዱ የራሱን መቀስ ይዞ ይመጣል፤ ይታረዳል፣ ይበላል፣ ይዘፈናል። ዳራብ ማንንም አልጠራም። እሱ በጎቹን እያጋደመ ሲሸልት ጎልአንዳም እግራቸውን ትይዝ ነበር፤ ብዙ ቀን ፈጀባቸው። ሰዎች እንደ ሰርከስ ሊያዩ መጡ። ኬይቆባድም መጣ፤ በበቅሎው ላይ እንደ ተቀመጠ፣

«አማቼ፣ ለሠርግ ነው ለሐጅ የምትላጫቸው?» አለው።

«ለዋና ነው» አለ ዳራብ፣ ቀና ሳይል።

«ዋናውንስ ይዋኙልህ። ከዚያ ወዲያ ያለው ተራራ ላይ ማን ያልብሳቸው?»

«አላህ።»

«አላህ መቀስ አልያዘም። የያዝከው አንተ ነህ።»

ሰዎቹ ሣቁ፤ ጎልአንዳምም ፈገግ ማለቷን ለመደበቅ ፊቷን አዞረች። ወንድሟ ሲያሾፍ ከልጅነቷ ጀምሮ መሣቅ ትወድ ነበር። ዳራብ ግን ይህን አየ።

ወንዙ ላይ ስንደርስ ግን ሣቁ ወደ ሌላ ተሻገረ። የዳራብ በጎች እንደ ፍየል ቀልለው ዋኙ፤ አንድም አልጎደለበትም። የኬይቆባድ መንጋ ውኃ ጠጥቶ ከበደ፤ አንዳንዶቹ ከታንኳው በታች ተጠቅልለው አለፉ። በዚያ ማታ ኬይቆባድ በድንኳኑ፣ «ያ ሰው ዝም ብሎ ያስባል» አለ። ይህን ለሰዎች ተናገረ፤ ለዳራብ አልተናገረም። ለዳራብ ቢነግረው ኖሮ ከዚህ በኋላ የምጽፈው ምናልባት ባልተጻፈ ነበር።

ከወንዙ በኋላ መንገዱ በኮምበል ዛፎች መካከል ለብዙ ቀን ይወጣል። ጸደዩ ሙሉ ነበር፤ ራሳቸውን ወደ ታች የደፉት ቀይ አበቦች ተዳፋቱን ሞልተውት ነበር፤ ቀን ቀን ሴቶቹ ከላይ የሚደርቡትን ካባ አውልቀው በበቅሎ ላይ ይጭኑ ነበር። የበጎቹ አዲስ ጠጉር ገና ጣት አይቀብርም፤ ግን ቆዳቸው ከዚያ በፊት እንደ ነበረው ሮዝ አልነበረም። ዳራብ በየጠዋቱ አንዷን ይዞ ጀርባዋን በመዳፉ እያሻ ይመለከት ነበር። ሱፉ ከሜዳው ሳንነሣ ለነጋዴ ተሰጥቶ ስለ ነበር ከእነሱ ጋር የተሸከሙት የሱፍ ጭነት የለም።

የኬይቆባድና የዳራብ ድንኳኖች ከጥቂት ሌሎች ጋር ቀድመው ከበሩ ሥር ደረሱ። በሩ ማለት ተራራው ተከፍሎ ወደ በጋው መሰማሪያ የሚያሳልፍበት ከፍተኛ መተላለፊያ ነው። ከሥሩ አንድ የድንጋይ ጉረኖ አለ፤ ማን እንደ ሠራው አይታወቅም። ጀርባው ገደል ነው፤ ገደሉም ወደ ፊት ስለሚያዘነብል ግማሹ ጣራ አለው። በየዓመቱ ቀድሞ የደረሰ ሰው ይይዘዋል፤ በዚያ ዓመት ኬይቆባድ ያዘው። ሌሎቹ ከበታቹ፣ እርስ በርስ ቢጣሩ በሚሰማሙበት ርቀት፣ ድንኳን ተከሉ።

ከኖውሩዝ፣ ከጸደዩ አዲስ ዓመታችን፣ ወዲህ ሁለተኛው ወር ወደ ማለቁ ተቃርቦ ነበር። በዚያ ቀን ጠዋት ነፋሱ በድንገት ቆመ። እኩለ ቀን ሳይሆን ፍየሎቹ ሳይጠሩ ራሳቸው ከተዳፋቱ ተመለሱ። ሰማዩ ከበሩ በኩል እንደ እርሳስ ከበደ፤ ቀዝቃዛ ዝናም ጣለ፤ ዝናሙ ጠጠር ሆነ፤ ጠጠሩ ደግሞ ተከፍቶ በሰፊ ነጭ ክንፍ መውረድ ጀመረ። የኬይቆባድ አክስት ዳ ሸክር፣ ቆማ መሄድ የማትችል አሮጊት፣ ከድንኳኑ አፍ ሆና፣ «ክረምት የረሳው ዕቃ አለ፤ ሊወስድ ተመለሰ» አለች። በረዶው ከሰዓት በኋላ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያም እስከ ጉልበት ደረሰ።

የተሸለቱት በጎች መጀመሪያ ተጠጋጉ፤ ከዚያ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ሱፍ ያለው በግ በረዶ ጀርባው ላይ ሲቆለል አይቀልጥም፤ በረዶው ራሱ ልብስ ይሆነዋል። በእነዚህ ጀርባ ላይ ግን በረዶው ቀለጠ፤ የቀለጠውም ወደ ሆዳቸው እየወረደ ቀዘቀዘ። ዳራብና ጎልአንዳም ወደ ድንኳናቸው የሚገባውን ያህል አስገቡ። ጎልአንዳም የራሷን ብርድ ልብስ፣ ምንጣፉን፣ የበቅሎ ኮርቻ ልብሱን ሁሉ ደካማ በሆኑት ላይ አሠረች። ወደ ኮምበሉ ደን እንዳይወርዱ መንገዱ ተሸፍኗል። ከድንኳኑ ውጭ የቀሩት ብዙ ነበሩ።

ጎልአንዳም የሆነውን ስትነግረኝ ድምፅዋ አልተለወጠም። እንዲህ አለች፤ ባሏ ከውጭ ገብቶ እጁን በእሳቱ ላይ ሲዘረጋ፣ የኬይቆባድ መንጋ በጉረኖው ውስጥ ከነሱፉ መሆኑን፣ የእነሱ በጎች በመካከል ቢገቡ ሙቀቱ እንደሚያድናቸው ነገረችው። እሱ ያን ያውቅ ነበር። ማንም ያውቃል። እሷ ግን እጇን ወደ ሻሿ ቋጠሮ ሰደደች። በእኛ ደንብ እህት ሻሿን አውልቃ በወንድሟ እግር ሥር ከጣለች የምትለምነው ነገር አይከለከልም፤ በሻሽ የቆመ የደም በቀል አለ።

«ልሂድ» አለችው።

«በእኔ በጎች ምክንያት ራስሽን አትገልጪም።»

«ሻሽ ይደርቃል። በግ ግን ከሞተ ሞተ።»

«ያ ሰው በበቅሎው ላይ ተቀምጦ የሣቀውን ረሳሽው? አንቺም ሣቅሽ።»

«ሣቅሁ። ያስቃላ። አሁን አያስቅም፤ ልሂድ።»

«በረዶው እስኪመሽ ይቆማል» አለ ዳራብ።

እሷም ሻሿን መልሳ አጠበቀችው። ለምን እንዳልሄደች ስጠይቃት፣ ባሏ እምቢ ባለው ንብረት ላይ ሚስት ሄዳ ከለመነች ባልየው ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰው ፊት መቀመጥ እንደማይችል አስረዳችኝ። ይህን ማስረዳት አላስፈለጋትም ነበር፤ እኔም የዚያው ሰው ነኝ።

በዚያው ሰዓት በኬይቆባድ ድንኳን የነበረውን ነገር የነገረችኝ ዳ ሸክር ናት። ኬይቆባድ በረዶው እንደ ጀመረ ልጆቹን ይዞ ወደ ጉረኖው ሄደ፤ የራሱን መንጋ ክፍት ወደ ሆነው ወገን ገፍቶ አጨናነቀ፤ በገደሉ ሥር ያለውን፣ ጣራ ያለውን ደረቅ ግማሽ በገመድ ከልሎ ባዶ አደረገ። ከዚያ ወደ ድንኳኑ ተመልሶ ፊቱን ወደ መግቢያው አድርጎ ተቀመጠ። ሻይ አፈሉለት፤ አልጠጣም።

«ሄደህ ጥራው እንጂ» አለችው ዳ ሸክር። «እዚህ ቁጭ ብለህ መግቢያውን ብታየው በግ አይገባበትም።»

«ሳይጠይቀኝ ብጠራው ‹ለማኝ ነህ› ማለቴ ነው፣ አክስቴ። ያንን ሰው አታውቂውም? ጨው ሲያልቅበት ያለ ጨው ነው የሚበላው። በሰው ፊት አዋረድኸኝ ብሎ እስክንሞት አያናግረኝም።»

«እኔን ተሸክማችሁ ውሰዱኝና እኔ ልንገረው።»

«የላክሁሽ ይመስለዋል።»

«ታዲያ ምን ትፈልጋለህ?»

«ይምጣ። ውጭ ቆሞ ስሜን ብቻ ይጥራ። ምንም አይበል። እኔ የቀረውን አውቀዋለሁ።»

አሮጊቷ፣ ወንዶች ክብራቸውን በሁለት እጃቸው እንደ እንቁላል ይዘው ሲሄዱ እግራቸው ሥር ያለውን ገደል አያዩም ብላ ሰደበችው። ኬይቆባድ ሰደበችኝ ብሎ አልተቆጣም። መግቢያውን ማየቱን ቀጠለ።

ሊመሽ ሲል ዳራብ ከድንኳኑ ወጣ። ጎልአንዳም ከኋላው አየችው። ወደ ጉረኖው አቅጣጫ፣ ወደ ወንድሟ ድንኳን፣ ቀስ እያለ ወጣ። ግማሽ ላይ ሲደርስ ቆመ። በረዶው ጥቁር ቆቡንና ትከሻውን እየሸፈነው ነበር፤ እስኪሸፈን ድረስ ቆመ። በላይ የኬይቆባድ ውሾች ጮኹ። ዳ ሸክር እንደምትለው፣ ውሾቹ ሲጮኹ ኬይቆባድ ብድግ አለ፤ ቆቡን አስተካከለ፤ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው እጁን በደረቱ ላይ አድርጎ በመግቢያው ፊት ቆመ። ከውጭ ድምፅ አልመጣም። ውሾቹ ዝም አሉ። ኬይቆባድ ቁጭ አለ።

ዳራብ ተመልሶ ሲገባ ጎልአንዳም ምን ሆንክ አለችው።

«ውሾቹ ጮኹ» አለ።

በዚያ ሌሊት የሆነው ነገር መግለጫ አያስፈልገውም። ብርድ በግ ሲገድል ድምፅ አያሰማም።

ሲነጋ ሰማዩ ታጥቦ ንጹሕ ነበር፤ ፀሐይዋም ምንም እንዳልተደረገ ወጣች። የዳራብ በጎች በአንድ ላይ ተደግፈው፣ አንዳንዶቹ እንደ ቆሙ፣ ደርቀው ቀርተው ነበር። በድንኳኑ ውስጥ የነበሩት፣ በጎልአንዳም ብርድ ልብስና ምንጣፍ የታሠሩት፣ ብቻ ተረፉ። ዳራብ በባዶ እጁ በረዶውን እየገፋ አንድ በአንድ ጆሯቸውን ይይዝ ነበር፤ ምልክቱን አይቶ ይለቅቃል፤ የሌላ ሰው በግ እንዳይሆን የሚያጣራ ይመስል።

ኬይቆባድ ወረደ። በሬሳዎቹ መካከል ቆመ።

«ለምን አልመጣህም?» አለው።

«ለምን አልጠራኸኝም?»

«ማታ ውሾቼ ጮኸው ነበር። አንተ ነበርክ?»

ዳራብ የሌላዋን በግ ጆሮ ያዘ። ኬይቆባድ ክንዱን ይዞ ወደ ጉረኖው ወሰደው፤ ይህን ያደረገው ሊወቅሰው ይሁን ራሱን ነጻ ሊያወጣ ዛሬም አላውቅም፤ እሱም አያውቅም። ጉረኖው ውስጥ የኬይቆባድ በጎች በአንድ ወገን እስኪታፈኑ ድረስ ተጨናንቀው ነበር። በገደሉ ሥር ያለው ግማሽ ባዶ ነበር። ዳራብ ገባ፤ ጎንበስ አለ፤ መሬቱን በመዳፉ ነካው።

«ደረቅ ነው» አለ።

እኔ የደረስኩት በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። መሬቱ አሁንም ደረቅ ነበር፤ የኬይቆባድ በጎች ባዶውን ግማሽ አልደፈሩትም ነበር።

ከእኛ ዘንድ መንጋው ያለቀበት ሰው ገመድ በእጁ ይዞ በየድንኳኑ ፊት ያልፋል። መናገር የለበትም፤ ገመዱ ይናገርለታል። እያንዳንዱ ድንኳን አቅሙ የቻለውን አምጥቶ በገመዱ ላይ ያሥራል፤ ነገ ተራው የማን እንደሚሆን ስለማይታወቅ እምቢ የሚል የለም። ዳ ሸክር ራሷ የገመደችውን አዲስ ገመድ ይዛ፣ ሰዎች ተሸክመዋት፣ ወደ ዳራብ ድንኳን ወረደች።

«እንካ ልጄ። የኔ ጣት ነው የገመደው፤ አያሳፍርም» አለችው።

ዳራብ ተቀበላት፤ እጇን ሳመ፤ ገመዱን በጥንቃቄ ጠቀለለና መልሶ በጭኗ ላይ አኖረው። «እናቴ፣ ገመድ አለኝ» አላት።

ጎልአንዳም ይህን ከድንኳኑ ጥግ ታይ ነበር። ተነሥታ የመሸለቻውን መቀስ አነሣች፤ ሻሿን ፈታች፤ ሁለቱን ጉንጉኖቿን ከሥር ቆረጠቻቸው። ሴቶች ይህን የሚያደርጉት ሰው ሲሞትባቸው ነው። ዳ ሸክር ተቆጣች፤ ለበግ ጠጉር አይቆረጥም፣ ነውር ነው አለች።

«ለበግ አይደለም» አለች ጎልአንዳም።

ለማን እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም። ዳራብ ወደ ውጭ ወጣ።

በረዶው ተረግጦ መንገድ ሲከፈት ጎሳው ወደ በሩ ለመውጣት ተነሣ። የተረፉት ጥቂት በጎች ሣር ያስፈልጋቸው ነበር፤ ሣሩም ከበሩ ማዶ ነው። በእነዚያ ጥቂት በጎች መንጋ ተብሎ ድንኳን አይያዝም፤ ከበሩ ማዶ ከሌላ ሰው ጥላ ሥር ማደር ግድ ነው፤ የቅርቡ ጥላ ደግሞ የኬይቆባድ ነበር። ዳራብ ለሚስቱ ከወንድሟ ጋር እንድትወጣ፣ እሱ ወደ ታች ወርዶ ሥራ እንደሚፈልግ ነገራት። ጎልአንዳም ጓዟን አልነካችም።

«አብረሽኝ ውረጂ በለኝ። ወይ መጥቼ እወስድሻለሁ በለኝ። ከሁለት አንዱን በል።»

ዳራብ ወደ በጎቹ ተመለከተ።

«በጎቹ ሣር ያስፈልጋቸዋል» አለ።

እሱ ወደ ታች፣ እሷ ወደ ላይ ሄዱ። የዚያ ቀን በረዶ በተራራው ብቻ አልቀረም፤ ውርጩ እስከ ሜዳው ወርዶ ነበር። ዳራብ የወረደበት አገር በጸደይ ማብቂያ ዓይን የማይለምደው ነበር፤ ሊያጭዱት የደረሰ ገብስ በየማሳው ጠቁሮ ተኝቷል፤ የለውዝ ፍሬ በየዛፉ ሥር ረግፏል፤ ገበሬዎች በመከር ወር ካባ ለብሰው በየደጃፋቸው ቁጭ ብለዋል። ማንም ማንንም አልጠየቀም፤ ሁሉም በአንድ ሌሊት ከስሮ ነበርና። ከዚያ ወደ ነዳጁ ከተማ ገብቶ የቧንቧ ጉድጓድ ከሚቆፍሩት ጋር ተቀጠረ። አሠሪዎቹ ታታሪ ነው ይሉት ነበር። አካፋው ሲሰበርበት በእጁ ይቆፍር እንደ ነበር ከእሱ ጋር የሠራ ሰው ነግሮኛል፤ እየሣቀ ነው የነገረኝ።

በመጸው ጎሳው ወደ ሜዳው ሲመለስ መንገዱ በከተማው ዳር ያልፋል። ዳራብ በዚያ ቀን ከሥራ ቀርቶ በመንገዱ ዳር ቆመ። ሰዎች ሰላም አሉት፤ እሱም ሰላም አላቸው። ኬይቆባድ በበቅሎው ላይ ሆኖ እጁን በደረቱ ላይ አደረገ፤ ዳራብም አደረገ። ከኋላ ጎልአንዳም የተረፉትን በጎች እየነዳች መጣች፤ ጠጉሯ ከሻሿ ሥር እስከ አንገቷ አድጎ ነበር። ፊት ለፊቱ ስትደርስ ቆመች። እኔ በዚያ ጊዜ ከእነሱ በቅርብ ርቀት በቅሎዬን አጠጣ ነበርና ሰማሁ።

«በጎቹ ደኅና ናቸው?» አላት።

«ደኅና ናቸው። ሱፋቸው አድጓል።»

ዳራብ ጎንበስ ብሎ በአንደኛዋ ጀርባ ላይ እጁን አኖረ፤ ጣቶቹ በሱፉ ውስጥ ገቡ። ጎልአንዳም ጠበቀች። ከፊቷ ያለው መንጋ አልፎ አቧራው እስኪረጋ ድረስ ጠበቀች። እሱ እጁን ከበጓ ጀርባ አነሣ።

«ወንድምሽ ርቆ ሄደ» አላት።

እሷም ሄደች። ከዚያ ወዲህ በየመጸውና በየጸደዩ ጎሳው በዚያ መንገድ ሲያልፍ ዳራብ በዳሩ ይቆማል፤ ስለ በጎቹ ይጠይቃል፤ መልሱን ይሰማል። ሰዎች አንዳንድ ጊዜ ፈትቷት ይሆን ብለው ይጠይቁኛል። አልተፋቱም። ለመፋታትም ከሁለቱ አንዱ መጠየቅ ነበረበት።